ዓይን ያወጣ ጎማ

ላሊበላ ላይ፣ በዚያ በደርግ ዘመን፣ ቀለም የፈለገ ሰው ሁሉ የሚያንኳኳው የይማርሽን በር ነበር። የቀበሌው መፈክር ሲደበዝዝ ይማርሽ፣ የሙሽራ ሣጥን ሲላላጥ ይማርሽ፣ መስቀል ላይ የሟች ስም ሲጻፍ ይማርሽ። ስለዚህ የወባ ማጥፊያው ሠራተኛ ደባሱ አንድ ሰኞ ጠዋት የዶቅዶቄውን ሁለቱንም ጎማዎች ፈትቶ፣ በግራና በቀኝ ትከሻው አንጠልጥሎ ዳገቱን ሲወጣ ጎረቤት አልገረመውም። የገረመው የይማርሽ ፊት ነው። በርበሬ መስላለች።

ምን ልደብቃችሁ፣ ይማርሽ ደባሱን ትወደዋለች። ከመቼ ጀምሮ ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ እሷም አታውቀውም። ያ ዶቅዶቄ ገና ከማዶ ድምፁ ሲሰማ ሊጥ የምታቦካ ከሆነ ውኃ ታበዛለች፣ የምትፈትል ከሆነ ክሩን ትበጥሳለች። ሰውዬው ግን አንገቱን የደፋ ዓይናፋር ነው። ቤት ለቤት የወባ መድኃኒት ሲረጭ እንኳ ባልቴቶቹን ደህና አደራችሁ የሚለው ግድግዳቸውን እያየ ነው።

«ዝገት በላቸው» አለ ጎማዎቹን አስደግፎ፣ ለግድግዳው። «እሑድ ኮን እሄዳለሁ።»

«ኮን ምን አለህ?»

«የአቶ ሙሉሃብትን ልጅ ልንጠይቅ። እናቴ ናት የመረጠችልኝ፤ አያ ወልደ ሰንበት ሽማግሌ ሆነውልኛል። ሰዎቹ ክብር የሚወዱ ናቸው አሉ። በዛገ ነገር ብሄድ ይንቁኛል።»

እዩልኝ እንግዲህ። ሌላ ሴት ብትሆን ጎማዎቹን በዚያው በዳገቱ ቁልቁል ለቃቸው ነበር። ይማርሽ ግን «ምን ዓይነት ቀለም?» አለችው።

«ጥቁር ይዤ መጥቻለሁ። ጌጡን ደስ እንዳለሽ አድርጊው።»

ጉድ ያመጣችው ይቺ ቃል ናት። ደስ እንዳለሽ አይባልም ለይማርሽ።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ስማቸው ከላሊበላ እስከ ዋድላ የተጠራ ሠዓሊ ነበሩ። ሲያረጁ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልብሱንም ክንፉንም እንደምንም ይወጡታል፤ ዓይን ላይ ሲደርሱ ብሩሹ ይዘልባቸዋል። በዓይን ደግሞ አይቀለድም፤ በአባቶች ሥርዓት ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ በጎኑ በአንድ ዓይኑ ነው የሚሣለው። ብሌኑ ቅንጣት ከሳተ ቅድስቲቱ ሸውራራ ሆና ታርፋለች። ስለዚህ በሩን ይዘጉና ልጃቸውን «ነይ እስቲ፣ ዓይኑን አንቺ ክፈቺልኝ» ይሏታል። ትከፍታለች። ሴት ነካችው ከተባለ ካህናቱ ያጉረመርማሉ ብለው እንዳትናገር አስምለዋታል፣ ሥዕሉም በእሳቸው ስም ይሄዳል። እሳቸው ሲያርፉ የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ቆመ። ይማርሽ ዓይን ብቻ የሚያውቅ እጅ ይዛ መፈክር ላይ ቀረች።

ወደ ጎማው እንመለስ። ላስቲኩን ከቸርኬው፣ ከክቡ ብረት ማለት ነው፣ በማንኪያ እጀታ ፈልቅቃ አወጣችው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገችው፤ ቤቱ ሁሉ ቀይ አቧራ ሆነ፣ እናቷ ወይዘሮ አመተ ማርያም እያስነጠሱ ወደ ደጅ ወጡ። ቀለም እንዳይዛቸው ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች ሁሉ በጧፍ ሰም አሸቻቸው። ከዚያ ጥቁሩን ቀባች፣ አደረቀች፣ ደግማ ቀባች። ሲያበራ ፊቷን አየችበት።

ለጌጡ ጎማውን ከጣሪያው አግዳሚ በገመድ ሰቅላ አሽከረከረችው። ብሩሹን ነጭ ነክራ እጇን ሳታንቀሳቅስ ያዘች። እጇ ቆሞ ጎማው ዞረ፣ ክቡ መስመር ራሱን በራሱ ሣለ። ይማርሽ ከት ብላ ሳቀች። አሁንም አሽከረከረች፣ አሁንም ሳቀች፣ ራሷም ከጎማው ጋር የዞረች እስኪመስላት። በመሃል አንድ ጠብታ ነጭ ጥቁሩ ላይ ዘለለች፤ ረዘም ያለች፣ ጫፏ ሾል ያለች። እጇ መቼ ይታገሣል? መሃሏ ላይ ብሌን አደረገችባት። ጎማው አያት።

«ባለቤቱ ካላየኝ ጎማው ይየኝ» አለችና አጠገቡ ሌላ ዓይን ከፈተች። ከዚያ ሌላ። ዙሪያውን ሞላችው፣ ሁለተኛውንም ደገመችው።

እናቷ ገብተው ሲያዩ አማተቡ። «ልጄ፣ ምን አቅብጦሽ ነው?»

«እማ፣ ነቢዩ ሕዝቅኤል ያየው መንኰራኩርም ዙሪያው ዓይን ነበር።»

«ሕዝቅኤል ሚስት ሊጠይቅ ኮን አልሄደም» አሉ እናቷ።

ቅዳሜ ደባሱ መጣ። ምስኪን፣ ዓይኑን የሚጥልበት አጣ። ወደ ግራ ቢዞር ያዩታል፣ ወደ ቀኝ ቢዞር ያዩታል። «ይሄ እኮ የመንግሥት ንብረት ነው» አለ በመጨረሻ።

«መንግሥትስ ዓይን አያስፈልገውም?» አለች ይማርሽ።

ሌላ ቢቀባ ለነገ አይደርቅም፤ ምን ያድርግ። እሑድ ማለዳ አያ ወልደ ሰንበት ጋቢያቸውን ታጥቀው፣ ከኋላው ተቀምጠው ወገቡን እንደ ምሰሶ አቅፈው ወጡ። ጎማው ሲፈጥን ዓይኖቹ ተዋህደው ነጭ ቀለበት ይሆናሉ፤ ቀስ ሲል አንድ በአንድ ይመለሱና አላፊ አግዳሚውን ያፈጡበታል። ገበያ ዳር አንዲት አህያ ጭነቷን ጥላ ሄደች፤ ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ይማርሽ ግን እቤቷ ስትገባ ሳቋ ጠፋ። ምን አደረግሁ አለች። ቢቀበሉት ሄደብኝ። በእኔ ቅብጠት ቢያባርሩት ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ይጠላኛል። በየትም በኩል ብታየው እሷ ከሳሪ ናት። ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም፣ ሌሊቱንም ጣሪያ ስታይ አደረች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዶቅዶቄው ተሰማ። ቀረበ፣ ቀረበና እዚያው ደጃፏ ላይ ጸጥ አለ። ይማርሽ ሮጣ ጓዳ ገባች።

አያ ወልደ ሰንበት እግራቸው እንደተንፈራጠጠ ገቡ፤ ጭቃ ተረጭቶባቸዋል። ደባሱ በሩ ላይ ቀረ። ሽማግሌው ውኃ ጠጡና «አመተ ማርያም፣ ይቺ ልጅሽ ልትገድለኝ ነበር» ብለው ጀመሩ።

«ጋሸና ኬላ ላይ ሚሊሻው አስቆመን። ‹እነዚህ ዓይኖች ማንን ነው የሚሰልሉት?› አለ። ‹ልጄ፣ ነቅተው፣ ተደራጅተው አብዮቱን እየጠበቁ ነው› አልኩት። ዞር ዞር ብሎ አያቸውና ‹መታጠቅ ብቻ ነው የቀራቸው፣ እለፉ› አለን። ኮን ስንደርስ ጎማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ ተመስገን፣ ተሸፈነልን አልኩ። የሙሉሃብት ሚስት የሺሃረግ እንግዳ ልትቀበል ወጣች። አንዷ ዓይን ከጭቃው ብቅ ብላ ታያታለች። ሴትዮዋ ቀጥ አለች። ጎንበስ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ሌላዋን ጠረገች፣ ሌላዋንም። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ። ‹ይሄ የደብራችን የማርያም ሥዕል ዓይን ነው› አለች።»

ጓዳ ውስጥ ይማርሽ አፏን በእጇ ያዘች።

«‹ልጄ በኩፍኝ ልትሞትብኝ ስትል የተንበረከክሁት እዚህ ዓይን ፊት ነው፤ ከሺህ ዓይን እለየዋለሁ። ማን ነው የሣለው?› አለች። መሪጌታ ወልደ ኪዳን ናቸዋ፣ አልኳት። ‹መሪጌታማ አርፈዋል፣ ይሄ ቀለም ትናንት የደረቀ ነው› አለች። ይሄኔ ይሄ ዲዳ ‹ይማርሽ ናት› አለ። አለና አፉ ተከፈተ። ስትስቅ እንዲህ ናት፣ ቀለም ስትበጠብጥ እንዲህ ናት፣ ቤቷን መድኃኒት ልረጭ ስሄድ የምሠራው ይጠፋኛል፣ ሁለት ጊዜ የረጨሁበትም ቀን አለ... ብቆነጥጠው አልሰማ፣ ብረግጠው አልሰማ። ሙሉሃብት እስኪጨርስ ጠበቀውና ‹ልጄ፣ የመጣኸው የኔን ልጅ ልትጠይቅ ነው ወይስ ለዚያች ልትመሰክርላት?› አለው። ቤቱ ሙሉ ሳቀ፣ ልጅቱም ሳቀች። አብልተው አጠጥተው ሸኙን።»

ጓዳ ውስጥ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ተሰማ።

«የሺሃረግ መልእክት አላት» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «‹ያቺን ሴት አግኟትና እግዜር ይስጥልኝ በሉልኝ። ያን ሌሊት እኔን ስታየኝ ያደረችው እሷ ናት› አለች።»

ከዚያ ብድግ ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ እኔ ሽማግሌ ሆኜ ከቤቴ ወጥቻለሁ። ልጅ ሳልጠይቅ ብመለስ ሰው ይስቅብኛል። አመተ ማርያም፣ ልጅሽን ለደባሱ ስጪን።»

ወይዘሮ አመተ ማርያም ነጠላቸውን አጣፉ። ወግ ወግ ነው፤ ማንም እናት በአንድ ቃል እሺ አትልም። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዘመድ ላማክር። ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ» አሉ።

«እማ» አለች ይማርሽ ከጓዳ።

የምትጠየቅ ልጅ ከጓዳ አትናገርም።

«ዘመድሽ እኔ ነኝ። አማክሪኝ።»

እናትዮዋ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሆነ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ያዙት። «እሺ፣ ምን ትያለሽ?»

«እሺ በያቸው።»

ወይዘሮ አመተ ማርያም ወደ ሽማግሌው ዞሩ፣ እንባቸውን በእጃቸው ጠረጉና ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«አማክሬያለሁ፤ ዘመድም ተስማምቷል» አሉ።