ዘጠና አንድ ቁጥር እና የጋሼ ደጉ ፒክአፕ

ንጋት፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ

ማዞሪያው ገና ዓይኑን ሳይገልጥ የታክሲ ረዳቶቹ «ጦር ኃይሎች! ሁለት ሰው፣ ጦር ኃይሎች!» እያሉ ይጮኻሉ። የኅዳር ብርድ አጥንት ይቆረጥማል። ጋቢዬን ተከናንቤ የታላቅ ወንድሜ የጋሼ ደጉ ፒክአፕ ውስጥ ገባሁ። ከኋላ ቆርቆሮና ሚስማር ተጭኗል፤ ወልቂጤ ላለ ሱቅ የሚደርስ ነው። መኪናዋም እዚያው ልትቀር ነው። ሊሸጣት ነው።

ንዴቴን አልደብቃችሁም። ወንድሜ ግማሽ ዕድሜውን የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ የራሱ የሆነች ይቺን የቤንዚን ፒክአፕ የገዛው አምና ነው። ከሸጣት ተመልሶ የሰው ሹፌር ይሆናል። ለምን? ሞተሯ ዳገት ባየ ቁጥር ስለሚያንኳኳ። «የአረብ አገር ሱፐር የለመደች ናት፤ የኛ ቤንዚን አይሆናትም» ይላል። ማን ነገረህ ስለው፣ «ሁሉም ሰው» ይለኛል። ይሄን ሁሉም ሰው የሚባል መካኒክ አንድ ቀን ጋራዡ ሄጄ ባገኘው!

«ልሸኝህ» ብዬ ነው የተሳፈርኩት። ውሸቴን ነው፤ መንገድ ላይ ሐሳቡን ላስቀይረው ነው።

ረፋድ፣ ከዓለም ገና እስከ ቱሉ ቦሎ

አየር ጤናን አልፈን ዓለም ገና ስንደርስ የማደያው ሰልፍ አስፋልቱ ድረስ ወጥቷል። ባጃጆች፣ ሚኒባሶች፣ ሞተር ሳይክሎች፤ ሹፌሮቹ ወርደው በየጥላው ሥር ወሬ ይዘዋል። ጋሼ ደጉ በጎን አየት አድርጎ አለፈ።

«አትቀዳም እንዴ?»

«እዚህ ተሰልፌ ልሸብት?» ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ቢጫ ጀሪካን በአውራ ጣቱ አሳየኝ። «የሰፈር ሰዎች ያመጡልኛል። ዋጋው ወደድ ይላል እንጂ ሰልፍ የለው፣ ጭቅጭቅ የለው።»

ሰበታን ካለፍን በኋላ ዳር ይዞ ጀሪካኑን ታንከሯ ውስጥ ገለበጠ። ሽታው አናቴ ላይ ወጣ። እኔ ወርጄ አንድ እስር ሽንብራ እሸት በሠላሳ ብር ገዛሁ። ሻጯ ሴትዮ ፊቷ የፈካ ነው፤ መራቂ ጨመረችልኝ። ግራና ቀኙ የታጨደ ጤፍ ነው፤ በሬዎች አውድማ ላይ ይዞራሉ። እሸታችንን እየፈለፈልን ስንሄድ ዳገት መጣ፣ ሞተሩም ጀመረ። ኳ ኳ ኳ ኳ!

«ሰማሽ? ሱፐር አምጡልኝ እያለች ነው።»

«እኔ የሰማሁት አትሽጠኝ ስትል ነው።»

«አንቺ ደግሞ! የዘጠና አንድ ሞዴል እኮ ናት። እኔስ ሳላዝን ነው የምሸጣት?»

«ዘጠና አንድ በኛ ነው በፈረንጅ?»

ትንሽ አሰበ። ቁጥሩ የቤንዚን ማስገቢያው ክዳን ውስጥ ተለጥፏል፤ አቆጣጠሩን ግን አይናገርም። «በፈረንጅ ከሆነ አሮጊት ናት። በኛ ከሆነ ገና ናት። ለገዢው በኛ ነው ብዬዋለሁ።»

«ሊብሬው ላይ ሌላ ዓመት ነው እኮ ያለው።»

«ሊብሬውን የጻፈው የቢሮ ሰው ነው። ይሄን የለጠፈው ፋብሪካው ራሱ ነው!»

ከዚህ ሰው ጋር ምን ትከራከራላችሁ? ሽንብራዬን በላሁ።

እኩለ ቀን፣ ወሊሶ

ምሳ የአጎታችን ልጅ አስካለ ጋ ነው። አስካለ የመኪና መለዋወጫ ትሸጣለች፤ ምላሷም እንደ ምላጭ ነው። ሱቋ በር ላይ ገና ስንቆም ከውስጥ ጮኸች፤ «ማነው የሚያንኳኳው? በሩ ክፍት ነው፣ ይግባ!»

ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረበችልን። በመካከሉ ጋሼ ደጉ የሽያጩን ነገር፣ የሱፐሩን ነገር፣ የዘጠና አንድ ሞዴሉን ነገር አወራላት። አስካለ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ወጥታ ክዳኑን ከፈተች። ከዚያ የሳቀችው ሳቅ! ጎረቤት ሁሉ ብቅ ብቅ አለ።

«ደጉዬ፣ ይሄ ዓመተ ምሕረት አይደለም። የቤንዚኑ ቁጥር ነው። ኦክቴን ነው! ከዘጠና አንድ አታሳንስብኝ ነው የምትልህ።»

«ታዲያ ከፍ ያለውን ባጠጣት ጉልበት አይሆናትም?»

«ኦክቴን ጉልበት መሰለህ? ትዕግስት ነው። ሞተሩ ቤንዚኑን ሲጨምቀው፣ ትዕግስት ያለው ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። የሌለው ቀድሞ ይፈነዳል። የምትሰማው ኳኳታ እሱ ነው። ሱፐር አጥብቆ ለሚጨምቅ ሞተር ነው የተሠራው። ለዚች ሱፐር መቅዳት ጠግቤያለሁ ያለን ሰው ማጉረስ ነው። የማደያው ቤንዚን ይበቃታል።»

«ትዕግስት የሌለው ቤንዚን ለትዕግስት የለሽ ሹፌር!» አልኩ። መናገር አልነበረብኝም፤ ግን አፌ አያርፍም።

«ለመሆኑ ከየት ነው የምትቀዳው?» አለች አስካለ። እኔ ጀሪካኑን ጎትቼ አወጣሁት። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

«ነጭ ጋዝ ቀላቅለውበታል! ምነው ደጉ፣ ፋኖስ ልታበራበት ነው? ነጭ ጋዝ የገባበት ቤንዚን ምን ኦክቴን ይተርፈዋል?»

ጋሼ ደጉ መሬት ላይ የተጋደመ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «ስመርዛት የከረምኩት እኔው ነኝ ማለት ነው?» አለ ቀስ ብሎ። አሳዘነኝ። ቀልዴም ጠፋ። ትከሻውን ያዝኩት።

የጎረቤቱ ጋራዥ ሰዎች ታንከሩን ገልብጠው አጠቡት፣ ካንዴላዎቹን ፈተው ጠረጉ። ከዚያ ጋራዡ ባበደረን ሁለት ሊትር ማደያ ሄደን ተሰለፍን። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ወንድሜ ግን አንዲት ቃል አላጉረመረመም።

ከሰዓት፣ ወልቂጤ

ከወሊሶ ወጥተን የመጀመሪያው ዳገት ሲመጣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ማርሽ ቀየረ። ረገጠ። ምንም የለም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ወደ ውጭ ሰጠ። አሁንም ምንም።

«ዝም አለች!» አለኝ። «ዝም አለች እኮ!»

እልል አልኩ። ብቻዬን፣ መኪና ውስጥ፣ በዚህ ዕድሜዬ። አላፈርኩም።

ደስታዬ ወልቂጤ እስክንደርስ ብቻ ነበር። ገዢው ጋሽ ሽብሩ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ይጠብቁናል፤ ቆርቆሮውም የሳቸው ነው። ወንድሜ ቃሉን ሰጥቷቸዋል፣ እሱ ደግሞ ቃሉን ከሚያጥፍ ጣቱ ቢቆረጥ ይመርጣል።

«ታንኳኳለች አላልከኝም?» አሉ ገና ስንቆም።

የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ ጀሪካኑን፣ ነጭ ጋዙን፣ ዘጠና አንዱንም ሳይቀር። «ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ጋሽ ሽብሩ። ሞዴሉንም ሳላውቅ ነው የነገርኩዎት። ቃሌ ቃል ነው፤ ካሉ ይውሰዷት። ግን...» ቁልፉን ሰጣቸው።

ቆርቆሮው ተራግፎ ሲያልቅ ሊሞክሯት ነድተዋት ሄዱ። ሲመለሱ ኮፈኑን መታ መታ አደረጉ። «ጥሩ መኪና ናት» አሉ። አለቀ፣ ሄደች አልኩ በልቤ።

«ስማ ደጉ» አሉ፤ «አንተ ልትሸጥልኝ ቃል የገባኸው የምታንኳኳ መኪና ነው። እሷን አላመጣህም። ያላመጣኸውን ምን ብዬ እወስዳለሁ?» ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። «ይልቅ በርበሬዬን ጭነህ አዲስ አበባ አድርስልኝ። ባዶህን አትመለስ።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ቀልበው ያዙት።

ምሽት፣ ኮልፌ

በርበሬው ሙሉ መንገድ አስነጠሰን። መኪናዋ ያን ሁሉ ኩንታል ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ አንዴም አላንኳኳችም። ጋሼ ደጉ እያስነጠሰ ይዘፍናል፤ ድምፁ አያምርም፣ ግን ማን ሊያስቆመው!

ሚስቱ ብዙነሽ ሁልጊዜ ኳኳታውን ከሩቅ ስትሰማ ነበር ወጥታ በሩን የምትከፍተው። ዛሬ ደግሞ ባሏን ከመናኸሪያ በእግሩ ነው የምትጠብቀው። ደጃፉ ላይ ስንቆም ማንም አልወጣም። ጋሼ ደጉ ወርዶ በሩን አንኳኳ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እኛ ነን።»

«እኛ ማን?»

«እኔና እሷ።»

ትንሿ በር ተከፈተች። ብዙነሽ ባሏን አየች፣ እኔን አየች፣ ከኋላችን መኪናዋን አየች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ተመለሰችና የትልቁን በር ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጋ ከፈተች።