የማይነካው ሽቦ

መኪና ቀቢው ሲናደድ ድምፁ አይሰማም፤ መንጋጋው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ያን ቀን ግን ክሊኒኩ ውስጥ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሰማው።

የሴት ልጁ የጥርስ ሽቦ የተፈታ ዕለት ነው። ጥርሷ የተደራረበ ስለነበር ከልጅነቷ ጀምሮ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። አባት ያቺን እጅ ከአፏ ላይ ማስነሳት ብቻ ነበር የሚፈልገው። አሁን ጥርሶቿ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ሽቦውን የያዙት ትንንሽ ብረቶች ተለጥፈውበት በነበረው ቦታ ዙሪያ ግን ኖራ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ቀርቷል። ልጅቷ መስታወቱን አየችና እጇን መልሳ አፏ ላይ አደረገች።

«ምን አድርገሻት ነው?» አለ ሐኪሟን፣ በንዴት አንቱታውን ረስቶ።

«ጋሼ፣ ከሽቦው አይደለም። ብረቱ ዙሪያ ሳይቦረሽ ሲቀር የተጠራቀመው ቆሻሻ ጥርሱን ይበላዋል። በየቀጠሮው ቦርሺ ብያታለሁ።»

ወደ ልጁ ዞረ። «ታዲያ ለምን አልቦረሽሽም?»

«አትንኪው ያልከኝ አንተ ነህ» አለች፣ እጇን ከአፏ ሳታነሳ።

እውነቷን ነው። ጋራዡ ውስጥ አንድ ሕግ አለው፤ የተሠራ ነገር አይነካም። በዚህ ሕግ ስንቱን ሠራተኛ አባሯል። ሽቦው በገባ ሰሞን አንዷ ብረት ስትላቀቅ ያንኑ ሕግ ቤቱ ይዞ ገባ። ብሩሽ ባየ ቁጥር «ልትነቅይው ነው? ተጉመጥመጪና ተይው» ይላል። ጠንካራ ነገር እንዳትነክስበት ደግሞ በየማታው ጭማቂና ለስላሳ ኬክ ይዞላት ይመጣል። ቅንድብ ሊኩሉ ዓይን ማጥፋት ማለት ይሄ ነው።

«በቃ ይፋቅና ይወልወል» አለ።

«የመኪና ቀለም እኮ አይደለም። የጥርስ ልባስ አንዴ ከተፋቀ ተመልሶ አይቀባም። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በደንብ ትቦርሽ፣ ጣፋጭ ትቀንስ። ቀስ እያለ ሊደበዝዝ ይችላል።»

ቤት እስኪደርሱ በትራፊክ መብራቱም በእግረኛውም ላይ ጮኸ። ያንገበገበው የሚሰድበው ሌላ ሰው ማጣቱ ነው።

ማታ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይቆጣል። «ድድሽ ሥር! እዚያ ጋ አልደረስሽም!»

«አባዬ፣ ወይ ሂድልኝ፣ ወይ ራስህ ና ቦርሽልኝ» አለችና አፏ አረፋ እንደሞላ ሳቀች። አንድ እጇ ብሩሹን፣ ሌላው የውሃ ኩባያውን ይዟል። ነጠብጣቡም ሳቋም ወለል ብሎ ታየ።

ኩባያውን አስቀምጣ አፏን ልትሸፍን ስትል ነጠቃት፤ መንጋጋው እየተንቀሳቀሰ ውሃ ሞላበትና መልሶ አስያዛት።