እናቴን «ጓድ» አልኳት

ዛሬ ሰው በሞላበት የቀበሌ አዳራሽ የገዛ እናቴን «ጓድ፣ ሥርዓት ይያዙ!» ብዬ ገሠጽኳት።

በጉለሌው የውይይት ክበባችን ስለ ጋላክሲ የማስረዳው እኔ ነበርኩ። «ይህች የከዋክብት ሰፈር በወጣትነቷ ጋዝ ስለሞላት በላይ በላዩ ኮከብ ትወልዳለች። ከዘመናት በኋላ ጋዙ ሲያልቅባት መውለድ ታቆማለች፣ ታረጃለች» አልኩ።

እማዬ ከኋላ ሆና፣ «ተመስገን ትበል! የወለደቻቸው ካበሩላት ምን ጎደላት?» አለች።

ሰው ሳቀ። ውይይቱን የሚቆጣጠረው ካድሬ ግን ፈጣሪን ማመስገኗን ሰምቶ አፈጠጠብኝ። ያኔ ነው ደንግጬ የገሠጽኳት።

ቤት ስገባ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ጓድ፣ እራትዎ ቀርቧል» አለችኝ።

አንገቴን ደፍቼ በላሁ። (ጨው እንኳን አላጎደለችብኝም።)

እስቲ እናቱን ሰው ፊት ያሳፈረ ካለ ይንገረኝ፤ እንዴት ብሎ ነው መልሶ «እማዬ» ያላት?