ትክክለኛው ልክ

ቀለም ቀቢውን «ስንጥር» ብለው ስም ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። መሰላል ላይ በወጣ ቁጥር ከታች ሆነው «ነፋስ መጣ፣ ያዙት!» ይላሉ። እሱም አብሮ ይስቃል። ምን ያድርግ? ቢቆጣ ደግሞ «ከሲታ ሁሉ ቁጡ ነው» ሊባል ነው። የነሱንስ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል፤ የሚከብደው የአክስቱ ነው። «ምነው ልጄ፣ አሞህ ነው እንዴ?» ትልና እንባዋ ይመጣል። ገበታ ላይ ማንም አይቀድመውም፤ ሰውነቱ ላይ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ስለዚህ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ወር ሳይቀር ከሸሚዙ ሥር ሁለት ሹራብ ይደርባል።

ከሚኖርበት ፎቅ ሥር አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሲወጣ ሲገባ በመስኮቱ ያያታል፤ መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ። ባያት ቁጥር ልቡ ድንግጥ ይላል። ሌላ ሰበብ ቢያጣ ኮት ሊያሰፋ ገባ።

ሜትሩን ደረቱ ላይ ጠመጠመችና ቆም አለች።

«ከውስጥ ምን ለብሰሃል?»

«ሹራብ።»

«አንድ?»

«ኧ... ሁለት።»

«በል አውልቃቸው። እኔ የምሰፋው ላንተ እንጂ ለሹራብ አይደለም።»

ላብ በላብ ሆኖ አወለቀ። አሁን ትስቃለች ብሎ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተከለ። አልሳቀችም። ትከሻውን ለካች፣ ክንዱን ለካች፣ በጠመኔ ጨርቁ ላይ ምልክት አደረገች። ትከሻውን ነክቶ «አይ አጥንት!» ያላለው ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ኮቱን ሊወስድ የሄደ ዕለት መስተዋት ፊት አቆመችው። ልክክ ብሏል። ከኋላው ሆና ኮሌታውን እያስተካከለች፣ «ሹራብ ውስጥ ምን ያስደብቅሃል? ይሄው፣ አማረብህ» አለችው።

የሠራችበትን ከፈላት። «እጅሽ ይባረክ» ብቻ ብሎ ወጣ።

ሳምንቱን ሙሉ ምን እንደሚላት ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። በመጨረሻ ቆርጦ ሲወርድ፣ ሁለት ሰዎች የስፌት መኪናዋን ጭነት መኪና ላይ ያወጣሉ።

«እሷስ?» አለ።

«እህቷ ወልዳ ልታርሳት ሄደች። ከእንግዲህ እዚያው ነው የምትሠራው።»

የት እንደሆነ ጠየቃቸው፤ የአንድ ሩቅ ከተማ ስም ነገሩት እንጂ ሰፈሩን አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ ሹራቦቹን ብርድ ለማይችል አንድ ጎረቤቱ ሰጠ። ሰውም መናገሩን አልተወ፣ እሱም አልወፈረ። ብቻ ሥራ በሄደበት ሰፈር ሁሉ የስፌት መኪና ድምፅ ከሰማ፣ መንገዱ ባይሆንም ጎራ ብሎ በመስኮቱ ያያል። እሷ እንደማትሆን እያወቀ።