የአንደኛ ክፍል ዝተት

እርጥብ የበግ ጠጉር ሲሸተኝ ሳልወድ እስቃለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሞላሌ ላይ ዝናቡ ድንገት ወርዶ አጥር ላይ ያሰጣኋትን ቁራጭ ዝተት፣ ያቺን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ አበሰበሳት። ሮጬ ሳስገባት ቤቱ በሙሉ በግ በግ ሸተተ። ትንሿ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ፣ «እማዬ፣ ይቺን ነገር ለምን አትጥያትም?» አለችኝ። ስቄ ዝተቷን ምድጃው አጠገብ ዘረጋኋት። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ሴት አያቴ መምህር ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ከተማ ይቀመጡ ቢባሉ እምቢ ብለው ከጓሳ በታች ወዳለው መንደራችን ተመለሱ። ያኔ ትምህርት ቤቱ ከወንዝ ማዶ ነበር። ትንንሽ ልጆች፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ ወንዙን አይሻገሩም ነበር። አያቴ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባዶዋን የቆመች የሣር ክዳን ቤት ለምነው፣ ግድግዳዋን በገዛ እጃቸው መርገው፣ ያለ ደመወዝ አንደኛ ክፍልን ማስተማር ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ ጠመኔ ይሰጣቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ፊደል የቆጠረ፣ ጉልበቱም የጠና ልጅ ለሁለተኛ ክፍል ይልካሉ። ውላቸው ይኸው ነበር።

ሥራቸው በዚህ አያበቃም። ምንጩ የሚጠረገው እሳቸው ሲቀሰቅሱ ነው። ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ የምትደርሰው በእሳቸው በቅሎ ነው። የተጣሉ ባልና ሚስት ቶሎ የሚታረቁትም እሳቸው ሊያስታርቁ እንዳይመጡ ብለው ነው፤ ከመጡ ምክራቸው ረጅም ነበርና።

እኔም ተማሪያቸው ነበርኩ። ቤት ውስጥ «እምዬ» የምላቸውን ክፍል ስገባ «መምህር» እንድል ታዘዝኩ። አንድ ቀን ረስቼ፣ «እምዬ፣ ሽንቴ መጣ» ብላቸው ፊታቸውን ከሰሌዳው ሳይመልሱ፣ «እምዬ እዚህ የለችም፤ ቤት ስትሄጂ ታገኛታለሽ» አሉኝ። ቤት የሚያደርስ ጊዜ አልነበረኝም። «መምህር» የምትለው ቃል ከአፌ የወጣችው ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተረስታኝ አታውቅም።

ችግሩ ብርዱ ነበር። ኅዳር ሲገባ መሬቱ በውርጭ ነጭ ይሆናል፤ ሣሩ እግር ሥር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ልጅ ሁሉ ከምድጃ ዳር አልነሳ ይላል። መደቡ ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጥን የምንቀመጠው ልጆች ከቀን ወደ ቀን ሳሳን። ወሬው ወንዝ ተሻግሮ ከዳይሬክተሩ ጆሮ ደረሰ። ታኅሣሥ ላይ መጥቼ አያለሁ፤ ክፍሉ ባዶ ከሆነ ይዘጋል፤ መማር የፈለገ ወንዙን ይሻገር ብሎ ላከ። አባቴ ይህን ሲሰማ፣ «እኔ ወንዝ የምትሻገር ሴት ልጅ የለችኝም» አለ። የተናገረው ለአያቴ ነው፤ የገባው ግን ለእኔ ነው። ፊደሉን ገና ማጋመሴ ነበር።

አያቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ እናቶቹ ሄዱ። በእኛ አገር በግ የሌለው ቤት የለም፤ ከየቤቱ አንዳንድ እቅፍ ጠጉር ጠየቁ። ሴቶቹ በማርያም ማኅበር ቀን ሁላችንም ስለምንሰበሰብ ያኔ እንፍተለው አሉ። አያቴ ግን በበዓሏ ቀን እንዝርት አይሾርም፤ እመቤታችንን አስቀይመን ልጆቿን አናሞቅም ብለው በማግሥቱ ደቦ ጠሩ። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ቡናማው ተባዘተ፣ ተፈተለ። ክሩን ተሸክመው ሸማኔው ዘንድ ሲደርሱ ተከትያቸው ነበር። ሸማኔው ሊለካ ክንዱን ዘረጋ።

«ለየትኛው አልጋ ነው?»

«ለአንደኛ ክፍል።»

ሸማኔው ክንዱን አጠፈ። ጥቂት አሰበና፣ «መምህር፣ እርስዎ የሚፈልጉት ዝተት አይደለም፤ መንገድ ነው» አለ። ቢሆንም ሠራው። ጠበብ ጠበብ አድርጎ ሸመነው፣ እናቶች ጎን ለጎን ሰፉት፣ ጎረምሶች በሙቅ ውኃ እየረገጡ አጠበቁት። ሲያልቅ አንዱ መደብ ላይ ያለነውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ጉልበታችንን የሚያለብስ አንድ ዝተት ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ክፍላችን ሌላ ክፍል ሆነ። ልጆች ከምድጃ ዳር ተነስተው መጡ፤ ከቤታቸው ይልቅ እዚያ ይሞቃልና። ግን አንዱ ሲያስነጥስ የሁላችንም ጉልበት ይነቃነቃል። ቁንጫ አንዷን ሲነክሳት መደቡ በሙሉ ያካል። መሃል ያለነው እየሳብን ዳር ያሉትን እናራቁታቸዋለን። እኔ የልጅ ልጅ ነኝና መሃሉ የኔ ርስት ነው ብዬ ነበር፤ አያቴ በሦስተኛው ቀን አንስተው ዳር አስቀመጡኝ። ዳር ያለ ልጅ እንዳይገፈፍም በዝተቱ ሁለት ጫፍ ማሰሪያ ሰፍተው ዳርና ዳር ላለነው ለሁለታችን አንገታችን ላይ አሰሩልን። ጠዋት ጠዋት አቡነ ዘበሰማያት ደግመን ስንጨርስ ጠመኔውን ከማንሳታቸው በፊት ይጠይቃሉ።

«ዳር ላሉት ደርሷቸዋል?»

ዳር ያለነው «ደርሶናል» ካላልን ትምህርት አይጀመርም።

የቄሱ ልጅ ደግሞ እናቷ የሞተችባትን ግልገል ታሳድግ ነበር። ቤት ትታት ብትመጣ ስታለቅስባት ጊዜ ይዛት እየመጣች ከዝተቱ ሥር ትደብቃት ጀመር። አያቴ አዩ፣ ግን እንዳላዩ ሆኑ። ግልገሏ ጸባየኛ ነበረች፤ ከብዙዎቻችን ይልቅ ዝም ትላለች።

ዳይሬክተሩ የመጣው ውርጭ በበረታበት ጠዋት ነው። ወጣት ነበር። ስስ የከተማ ኮት ለብሷል፤ ወንዙን ሲሻገር ጫማው ውኃ ገብቶበት ያንጠባጥባል። ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ያየው አንድ ረጅም ዥንጉርጉር ነገርና በላዩ የተደረደረ ጭንቅላት ብቻ ነው። ትንሽ ወደ ኋላ አለ። አያቴ እጅ ነስተው፣ «አንደኛ ክፍል ነው ጌታዬ፤ እንደ ፈቀዱ ይጠይቋቸው» አሉ።

እሱም ዳር ስላለሁ ነው መሰለኝ ወደ እኔ ጠቆመና ሰሌዳው ላይ ውጪና ጻፊ አለኝ። ተነሳሁ። የአባቴ ቃል በጆሮዬ ነበር። ማሰሪያው አንገቴ ላይ መሆኑን ግን ረስቼዋለሁ። እኔ ወደ ሰሌዳው ስራመድ ዝተቱ ተከተለኝ፤ ዝተቱ ሲሄድ ጉልበታቸው የበረዳቸው ልጆች ዝተቱን ተከተሉ። መደቡ ባዶ ቀረ። አንደኛ ክፍል በሙሉ በአንድ ልብስ ሰሌዳው ፊት ቆመ።

«አንዲት ልጅ ነው የጠራሁት» አለ ዳይሬክተሩ።

አያቴ ፊታቸው አልተለወጠም። «አዎ ጌታዬ፣ የመጣችውም እሷ ናት። ሌሎቹ ልብሳቸውን ተከትለው ነው።»

የታዘዝኩትን ጻፍኩ፤ እንዴት እንደ ጻፍኩት እግዚአብሔር ያውቃል። ተመልሰን እንደ ተቀመጥን በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥረን ጀመር። የቄሱ ልጅ ጋ ሲደርስ ከጉልበቷ ሥር «ባ» የሚል ድምፅ መጣ። ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«እሷም ትማራለች?»

«አልተመዘገበችም» አሉ አያቴ። «ግን ቀርታ አታውቅም።»

ዳይሬክተሩ ከንፈሩን ነከሰ። ሳቅ ይሁን ብርድ አላወቅንም፤ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። አያቴ ዝቅ ብለው ጫማውን አዩት። እስካሁን «ጌታዬ፣ እርስዎ» ሲሉት የቆዩትን ሰው ድንገት እንደ እኛ አደረጉት።

«ልጄ፣ እግርህ ረጥቧል። ጫማህን አውልቅና ና፣ ዳር ግባ።»

ለቁጥጥር ነው የመጣሁት አለ። አያቴ ትኩር ብለው አዩት። ያንን አስተያየት መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ምንጭ የሚያስጠርገው እሱ ነው። ዳይሬክተሩ ጫማውን አውልቆ እኔ አጠገብ ተቀመጠ። ጠጋ አልንለት። አያቴ ጠመኔውን አንስተው ወደ ሰሌዳው ዞሩ፣ ከዚያ እንደ ልማዳቸው መለስ አሉ።

«ዳር ላሉት ደርሷቸዋል?»

እኔ ፈርቼ አቀረቀርኩ። በመጨረሻ ከጎኔ ቀስ ያለ የወንድ ድምፅ፣ «ደርሶናል» አለ።

ሙቀቱ ሲይዘው ብዙም አልቆየም፤ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አሸለበው። አያቴ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ያን ቀን ፊደልን ከሀ እስከ ፐ በሹክሹክታ ቆጠርን። ግልገሏ መቼ እንደ ተሻገረች አላየንም፤ ሲነቃ ጭኑ ላይ ተኝታ ነበር።

ብድግ ብሎ ኮቱን ከጠጉር አራገፈ። ስለ መዝጋት ምንም አላለም። በሩ ላይ ሲደርስ ብቻ ዘወር ብሎ፣ «ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ መስኮቱ መዝጊያ የለውም» አለ።

«ሸማኔው እንዳይሰማ እንጂ ጠጉርስ አለን» አሉ አያቴ።

ክፍሉ አልተዘጋም። በዓመቱ ወንዙን ስሻገር በትከሻው ያሻገረኝ አባቴ ነው። አያቴ ምን እንዳሉት እስካሁን አልሰማሁም። እኔ መማሬ፣ ዛሬ ይህን መጻፌ ከዚያች ጠዋት ነው። ተመስገን።

በኋላ እኛው መንደር ትምህርት ቤት ሲሠራ አያቴ የዝተቱን ስፌት ፈትተው ለተማሪዎቻቸው አከፋፈሉት። ለእኔ የዳሯ፣ ባለ ማሰሪያዋ ደረሰችኝ።

አያቴ ያረፉት እኔ ቤት ነው። በመጨረሻው ጊዜ ሐሳባቸው ይሄድ ይመለስ ነበር። አንድ ጠዋት ብርድ ብሏቸው ዝተቷን ደረብኩላቸው፤ ጠባብ ናትና ጉልበታቸውን እንኳ በቅጡ አታለብስም። እሳቸው ግን በእጃቸው ወደ ግድግዳው፣ ማንም ወደሌለበት ይገፏታል። መልሼ ሳለብሳቸው መልሰው ይገፏታል።

«እምዬ፣ ይበርድዎታል» አልኳቸው። አልሰሙኝም። ደገምኩት፤ አልሰሙኝም።

«መምህር» አልኩ።

ዓይናቸውን ገለጡ። «ዳር ላሉት ደርሷቸዋል?»

«ደርሶናል» አልኳቸው። ያኔ እጃቸው ዐረፈ፤ ለበሱልኝ።

ዛሬ ጠዋት ዝተቷ ደርቃለች። ብርድም ነበር። ትንሿ ልጄ ዛሬ አፍንጫዋን አልያዘችም፤ ዝተቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ደጃፍ ወጥታ ፀሐይ ስትጠብቅ አየኋት። ጠራኋትና ማሰሪያውን አንገቷ ላይ አሰርኩላት።