ካርታው ላይ ሜዳ የነበረው አቀበት

ካይሮ ውስጥ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ሜዳ ላይ ነው የሚኖረው። ናስር ሲቲ ሜዳ ነው፣ ሀረም ሜዳ ነው፣ ኒው ካይሮም ግንብ የበዛበት ሜዳ ነው። ከፍታ የናፈቀው ሰው ያለው ምርጫ ሙቀጠም ነው፤ ከከተማው በስተምሥራቅ ብድግ ያለ፣ አናቱ ላይም ወገቡ ላይም ሰፈር የተሠራበት የድንጋይ ተራራ። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ይህን ተራራ ለዓመታት በንቀት ነበር የማየው። የደሴውን የጦሳ ተራራ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ጉብታ ነው እያልኩ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አወራ ነበር። ችግሩ አንዳንድ ሰዎች ማዳመጣቸው ነበር።

ወደ ግብፅ የመጣሁት ለሃይማኖት ትምህርት ነው። ትምህርቱን ከጨረስኩ በኋላም እዚያው ናስር ሲቲ ቀርቼ ከሦስት ተማሪዎች ጋር አንድ ቤት ተጋርቼ እኖራለሁ። አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በማህበራችን አዳራሽ ለአገሬ ሰዎች አረብኛ ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። አዳራሽ የምንለው መስኮት የሌለው ምድር ቤት ነው፤ ግን ሊቀመንበራችን አዳራሽ ስላሉት አዳራሽ ሆኖ ቀርቷል።

ሊቀመንበራችን ስድሳን የተሻገሩ፣ አገር ቤት የመምሪያ ኃላፊ የነበሩና በፖለቲካ ምክንያት የተሰደዱ ሰው ናቸው። ሹመቱን ጥለው ሲሰደዱ አነጋገሩን ግን ይዘውት ወጥተዋል። ጨው ቢፈልጉ እንኳ «የጨውን ጉዳይ በሚመለከት» ብለው ነው የሚጀምሩት። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን፤ እንወዳቸዋለንም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ቅጽ ነው። ስደተኞችን ከሚረዳ አንድ ድርጅት የተላከልን ቅጽ ውስጥ «ኮሙኒቲ አክቲቪቲ» የሚል ባዶ ሣጥን ነበረ። ጋሼ ባዶ ሣጥን አይወዱም። ስብሰባ ጠሩና ስፖርታዊ እንቅስቃሴ መደረግ እንዳለበት አስታወቁ። እግር ኳስ ተባለ፤ ሜዳ የለንም። የእግር ጉዞ ተባለ፤ የጋሼ ጉልበት አይፈቅድም። በመጨረሻ አንዱ ብስክሌት ሲል ማንም የሚቃወምበት ምክንያት ቶሎ ስላልመጣለት አለፈ።

አባይ ዳር ዳሩን ብንነዳስ የሚል አስተያየት ቀርቦ ነበር። ጋሼ ሜዳ ላይ መንዳት ጽናትን እንደማያሳይ አስረድተው ስልካቸውን አወጡ። ካርታውን ከፈቱና ሙቀጠም ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ዋናው የመኪና መንገድ ተራራውን እየዞረ ስለሚወጣ ረዘመባቸው፤ ከጎኑ በሰፈር ውስጥ ቀጥ ብላ የምትሄድ ቀጭን መስመር አገኙ። አጭርም ምቹም ናት አሉ። ካርታ ላይ እንግዲህ ሁሉም ነገር ሜዳ ነው። ከዚያ ቀና ብለው «ደግሞም የደሴ ሰው አለን» ሲሉ ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

በእኔ ልጅነት ደሴ ውስጥ ብስክሌት የነበረው ሰው ወደ ታች ይነዳል፣ ወደ ላይ ይገፋል። እኔ ደግሞ ወደ ታች እንኳ የነዳሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ በሁለተኛው አጥር ውስጥ ነው የገባሁት። ይህን ለስብሰባው መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ፈገግ ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ እሱም እንደ ትሕትና ተቆጠረልኝ።

ለሰባት ነጂዎች ዘጠኝ አባላት ያሉት አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የዚያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሀዋሳ ያደገች፣ ኒው ካይሮ በአንድ ቪላ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት የምትሠራ፣ አርብ የእረፍት ቀኗን ከእኔ ክፍል የማታጓድል ተማሪዬ ነች። ብስክሌት መንዳት እንደምትችል ተናገረች። ጋሼ ስለ ተነሳሽነቷ ከልብ አመስግነው ስሟን በመስተንግዶ ዘርፍ፣ በሻይ ሥር ጻፉት። እሷም ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ለልምምድ የሕንጻችንን ዘበኛ ብስክሌት ተዋስኩ፤ እዚህ አገላ ነው የሚሉት። ጥቁር፣ ከባድ፣ ሲሄድ የሚያቃስት ነገር ነው። ከቤት ተጋሪዎቼ አንዱ የባሕር ዳር ልጅ ነበር፤ ብስክሌት ላይ ያደገ። ዞር ዞር ብሎ አየውና ማርሽ የለውም እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ማርሹ እግር ነው አልኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ናስር ሲቲን ዞርኩ። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ደስ አለኝ፣ ጓንት ገዛሁ፣ ስለ አተነፋፈስም ለሌሎቹ ምክር መስጠት ጀመርኩ።

የተባለው አርብ ደረሰ። አርብ ማለዳ ካይሮ ባዶ ናት፤ በዚያ ሰዓት ከተማውን ያየ ሰው የመኪና ጥሩምባ የተፈጠረ አይመስለውም። ሁላችንም አቀበቱ ሥር ተሰበሰብን። ከዚያ ጋሼ የመክፈቻ ንግግር አደረጉ። ስለ አንድነት፣ ስለ ጤና፣ ስለ አንድነት ከጤና ጋር ስላለው ግንኙነት ተናገሩ። ሲጀምሩ ብርድ ብርድ ይለን ነበር፤ ሲጨርሱ ፀሐይዋ ጀርባችንን ታቃጥለን ነበር።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው መንገዱን ቀና ብዬ ያየሁት። መንገድ ከማለት ግድግዳ ማለት ይቀላል። የአንዱ ቤት ጣሪያ ከቀጣዩ ቤት ደጃፍ ጋር እኩል ነበር። ከነጂዎቻችን አንዱ አየና ወዲያው ሆዱን እንደሚያመው ትዝ አለው፤ ማርሽ ያለው ጥሩ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ተቀመጠ። ጋሼ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላትና የማህበራችን ባነር በዋናው መንገድ ሊወጡ ታክሲ ውስጥ ገቡ። ባነሩ ሰፊ ስለነበረ የሻይዋ ኃላፊ ቦታ አጣች። ጋሼ በመስኮት ብቅ ብለው ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ በማይክሮባስ ድረሽ አሏትና ሄዱ።

እኔ የመነሻውን ፉጨት ስሰማ በሙሉ ኃይሌ ተነሳሁ። የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ሜትሮች በክብር ነዳሁ። ከዚያ ፔዳሉ ላይ ቆምኩ፤ ብስክሌቱም ቆመ። ሁለታችን ለትንሽ ጊዜ እንደዚያ ተፋጠጥን። አንድ ዳቦ አከፋፋይ ሰፊ የዳቦ ርብራብ በጭንቅላቱ ተሸክሞ፣ የብስክሌቱን መሪ በአንድ እጁ ይዞ፣ ከላይ ሽው እያለ ወረደና በእርጋታ መልካም ጠዋት ብሎኝ አለፈ። ለመመለስ ትንፋሽ አልነበረኝም። ኋላዬን ሳይ ጓደኞቼ በሙሉ ወርደው ይገፉ ነበር። የደሴ ሰው እንዴት ወርዶ ይገፋል?

እዚያ ላይ ነው ከጎን መንገድ ሐብሐብ የጫነች አሮጌ ፒክአፕ ብቅ ያለችው። ቀስ ብላ ስታልፈኝ ካርታው ላይ ያልታየ ኩርባ ከጓደኞቼ ጋርዶኝ ነበር። እጄን ሰድጄ የኋላ ጠርዟን ያዝኩ። ብስክሌቱ በራሱ መውጣት ጀመረ። እንደዚያ ዓይነት ደስታ ከስንት ጊዜ በኋላ ተሰማኝ።

ያላሰብኩት ነገር ሐብሐብ ሻጭ መቆሙ የማይቀር መሆኑን ነው። ሃያ ሜትር ሳንሄድ ሰውዬው በድምፅ ማጉያው ተጣራና ቆመ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሴትዮ ቅርጫት በገመድ አወረደችና እኔን እያየች የበሰለ ምረጥልኝ አለችኝ። ሻጩን አየሁት፤ ከሾፌር ወንበሩ ሳይነሳ ምረጥላት በሚል ዓይን መለሰልኝ። እኔ ምን እንደማደርግ እዚያ ማስረዳት ደግሞ ሐብሐብ ከመሸጥ የበለጠ የሚያሳፍር ነበር። ስለዚህ አንዱን በጣቴ ኳ ኳ አድርጌ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሌላ ሴትዮ መጣች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ መጥተው የመረጥኩላቸውን አልወደዱትም።

ከሽማግሌው ጋር ስከራከር ከሥር የሰንሰለት ድምፅ ሰማሁ። የሻይዋ ኃላፊ ናት። ሆዱን ያመመውን ሰው ብስክሌት ይዛለች፣ ሁለቱን ፔርሙዝ ከኋላዋ አስራለች። እንደ እኛ ፊት ለፊት አልነበረም የምትወጣው፤ ከመንገዱ ዳር ወደ ዳር እየተጠማዘዘች፣ ከኮርቻዋ ሳትነሳ፣ ሳትቸኩል ነው። አጠገቤ ስትደርስ አንድ እጄ ላይ ሐብሐብ ነበር።

«ኡስታዝ፣ ሥራ አገኙ እንዴ?» አለችኝ።

መልስ አልጠበቀችም። ገዢዎቹን ማሌሽ ብላ በመካከላቸው አለፈች፣ ኩርባውን ዞረችና ጠፋች።

ፒክአፗ ስትነሳ እንደገና ያዝኳት፤ ጫፍ ልትደርስ ስትል ለቀቅኳት፤ የቀረውን እየነዳሁ፣ እያለከለክሁ ከባነሩ ፊት ደረስኩ። ታክሲው ውስጥ የነበሩት ገና ባነሩን ወጥረው መጨረሳቸው ነበር፤ እሷ ሻይ ትቀዳለች፣ ብስክሌቱ ከኋላዋ ግንቡን ተደግፏል። ጋሼ በማይክሮባስ የመጣች ስለመሰላቸው ማንም አልጠየቃትም። እኔን ግን አቀፉኝ። አንደኛ መሆኔን አውጀው አንገቴ ላይ ሻርፕ አደረጉልኝ፤ ስለ ተራራ ልጆች ጽናትም ሁለተኛ ንግግር ጀመሩ። ዓይኗን ፈራሁት። እሷ ግን ዝም ብላ ሻይ ሰጠችኝ፤ ስኳር እንኳ ጨምራበታለች። ጠጣሁት። ሌሎቹ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብስክሌቶቻቸውን እየገፉ ደረሱ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ቅጹም በማግሥቱ ሰባት ወንዶች በድል እንዳጠናቀቁ ተሞልቶ ተላከ።

በሚቀጥለው አርብ ተማሪዎቼ የሚያነቡት የቤት ሥራ ባለፈው ሳምንት የሠራችሁትን በአረብኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ የሚል ነበር። ሥራውን ያዘዝኩት ከጉዞው በፊት ስለሆነ ምን እንደሚመጣ አላሰብኩም። ተራዋ ሲደርስ ተነስታ በቀስታ አነበበች። አርብ ዕለት በብስክሌት ወደ ሙቀጠም ወጣሁ። በመንገድ ላይ አስተማሪዬን አገኘሁት። ሐብሐብ ይሸጥ ነበር።

አንድም የሰዋስው ስህተት አልነበረበትም። አሥራ አራት ተማሪዎች በመጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ እኔን አዩ። የመጨረሻውን ግሥ በደንብ እንደተጠቀመችበት ተናገርኩ። ጠመኔውን አስቀምጬ ፒክአፗን፣ ቅርጫቱን፣ ሽማግሌውን ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቁ ረዘም ላለ ጊዜ አልቆመም። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁ፤ ግን ጆሮዬ እንደ ጋለ ነበር።

ትምህርቱ ሲያልቅ ጋሼ ዘንድ ሄጄ ቅጹ ይታረም አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ቅጹ ወጥቷል፣ ማረም ስብሰባ ያስፈልገዋል አሉ። ስብሰባው ተጠራ፣ ሁለት ሰዓት ተወያየን፣ በመጨረሻም በሴቶች ዘርፍ አንደኛ ተብላ እንድትመዘገብ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በሴቶች ዘርፍ የተወዳደረችው እሷ ብቻ እንደሆነች ብናገርም ታዲያ አንደኛ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው ተባልኩ።

ውሳኔውን የነገርኳት ከአዳራሹ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ስንሄድ ነው። ሳቀች። ከዚያ ለምን እዚያው ተራራው ላይ እንዳልተናገረች ጠየቅኳት። ሀዋሳ እያሉ አባቷ ሐይቁ አጠገብ ብስክሌት ያከራዩና ይጠግኑ እንደነበር፣ ከአሥራ ስድስት ዓመቷ በኋላ ግን ነድታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ከዚያም ቆም አለች።

«ኡስታዝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ማዳም እዚህ ቁሚ፣ እዚያ ሂጂ ትለኛለች። የዚያን ዕለት ለአንድ ሰዓት የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሻርፑን ብትሰጡኝ ኖሮ ንግግር አድርጊ ትሉኝ ነበር፤ ኸላስ፣ በቃ፣ እሱም ሌላ ሥራ ነው።»

ይቅርታ አልኳት። እጅ ማውጣቷን እያየሁ ዝም ያልኩበትን ስብሰባም ጨመርኩበት። እሱን እንኳ ረስቼው ነበር አለች፤ የረሳችው ግን አልመሰለኝም።

አሁን አርብ ማለዳ አምስት ሴቶች ከእሷ ጋር ይነዳሉ። ሁለቱ እስካሁን ሜዳ ላይ ናቸው፤ ሦስቱ አቀበቱን ጀምረዋል። እኔም ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ፤ ማርሽ ያለው ብስክሌት ከባሕር ዳሩ ልጅ ተውሼ። ከኮርቻው እንዳልነሳ፣ ዳር ከዳር እንድጠማዘዝ፣ ጫፉን ሳይሆን የፊት ጎማዬን እንዳይ አስተምራኛለች። ባለፈው አርብ ሳልወርድ ሁለተኛው ኩርባ ደረስኩ። እዚያ ግን ወረድኩና ገፋሁ፤ ሴቶቹ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከተማውን ያዩ ነበር።