ጋሽ ደምሴ ዝም ሲሉ

ደብረ ብርሃን ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የልብና የደም ግፊት ተመላላሽ ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ጥሩወርቅ የግፊት መለኪያውን አስጨበጡኝና «መጀመሪያ ሕመምተኞቹን አሳርፊያቸው። በዚህ ብርድ አቀበት ወጥቶ የመጣ ሰው ግፊቱ ያታልልሻል» አሉኝ። የቀረውን በሽተኞቹ አስተማሩኝ።

ጋሽ ደምሴ የጣርማ በር ሰው ናቸው፤ ገብስ የሚያመላልሱ የጭነት መኪና ሹፌር። ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየዋጡ ግፊታቸው አልወርድ አለ። አረቄውንም ጨውንም ትተዋል። ወረፋ ሲጠብቁ ግን አግዳሚው ላይ ያንቀላፋሉ። ሐኪሙ «መድኃኒቱን አይውጡም» ብሎ ጠረጠራቸው፤ እኔም አብሬ ጠረጠርኩ።

«እንቅልፍስ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እሱንማ ተይው! ጋደም ካልኩ ሬሳ ነኝ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበችም «ደህና ይተኛል» ይላሉ። እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ማንኮራፋት ሰው ፊት አታወራም፤ ነውር ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ ለልብ ምርመራ ሲገቡ ወይዘሮዋን ለብቻቸው ጠየቅኋቸው። ዞር ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ማንኮራፋቱንስ ለምጄዋለሁ። ዝም ሲል ነው የምደነግጥ። ትንፋሹ ቁርጥ ይላል። ዱካክ ነው ብዬ ጠበል ወስጄዋለሁ። በክርኔ ጎሸም ሳደርገው ይመለሳል። ብተኛ ይሞትብኛል ብዬ ስጠብቀው አድራለሁ።»

አንጀቴን በሉት። ሮጬ ለሐኪሙ ነገርኩት።

«በይ፣ ተገኘ!» አለ። «ትንፋሽ በተቋረጠ ቁጥር ኦክስጅን ይወርዳል፤ ልብ ሳያርፍ ሲታገል ያድራል። ግፊቱ እንዴት ይውረድ?»

ለእንቅልፍ ምርመራ አዲስ አበባ ላካቸው። እስኪታከሙም መሪ እንዳይጨብጡ ከለከላቸው። ጋሽ ደምሴ ቱግ አሉ።

«ካልነዳሁ ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?»

«አንተ ካለህ ይበላሉ» አሏቸው ወይዘሮ ዘነበች። ጋሽ ደምሴም መኪናውን አቁመው አዲስ አበባ ሄዱ።

ሲተኙ አፍንጫ ላይ በሚታሰር ጭምብል አየር የሚነፋ ማሽን ታዘዘላቸው። «በስተርጅና ልጓም አጠለቃችሁኝ!» እያሉ ለመዱት። ግፊታቸው ቀስ እያለ ረገበ፤ መድኃኒቱን ግን አላቋረጡም። ቀን ማንቀላፋታቸው ሲቀር ሐኪሙ ወደ መሪያቸው መለሳቸው።

በቀጠሯቸው ባልና ሚስቱ አብረው መጡ። «አሁንስ ተኙ፣ እናቴ?» አልኳቸው።

«እሱማ ይተኛል። እኔ ግን ድምፁ ሲጠፋብኝ ዛሬም እጎሽመዋለሁ።»

«አሁን እንቅልፍ የምትነሳኝ እሷ ናት!» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ወይዘሮዋም ሳቁ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ለአዳዲስ ነርሶች የምነግራቸው ይህን ነው፦ የተኛ ሰው ስለ እንቅልፉ አያውቅም። አጠገቡ የሚያድረውን ለብቻው ጠይቁ።